የደብተሩ ሦስተኛ ክፍል

በሬዲዮ ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዜና ክፍሉ ጥግ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው የተርጓሚው ነው። ሰውየው በእንግሊዝኛ የሚመጣውን የውጭ ዜና ወደ አማርኛ ሲመልስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል። ባልደረቦቹ «ጋሼ መዝገቡ» ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ያን የሚያስታውሰው ፋይሉ ብቻ ነው።

ቅጽል ስሙን ያመጣበት ደብተሩ ነው። ደብተሩ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የሰላምታ ቃላት ተጽፈዋል፤ መሪ መሪን ሲቀበል፣ ሲጨብጥ፣ ምንጣፍ ሲያነጥፍለት እንግሊዝኛው የሚላቸው ሁሉ። ሁለተኛው የሙገሳ ነው፤ አደነቀ፣ አወደሰ፣ ውይይቱ ፍሬያማ ነበር አለ። ሦስተኛው የድብደባ ነው፤ «ሼልድ»፣ «ፓውንድድ»፣ «ቦምባርድድ»፣ እያንዳንዱ ከነአማርኛው። ሥራ ሲጀምር ሃያ ክፍል ያስፈልገኛል ብሎ ነበር። ምኑን! የዓለም ወሬ ሁሉ በሦስቱ ገብቶ አለቀ። ሰዎቹ ሰኞ ይሳሳማሉ፣ ረቡዕ ይሞጋገሳሉ፣ ዓርብ ከተማ ያፈርሳሉ፤ በሳምንቱ ሰኞ ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይሳሳማሉ። ሦስተኛው ክፍል ሁለት ጊዜ ሞልቶበት፣ ሁለት ጊዜ ወረቀት ጨምሮ በስቴፕለር መትቶታል። ደክሞታል፤ ጡረታው ሊደርስ አራት ወር ነው የቀረው፣ አራቱም ወር ረዝሞበታል።

ከድንበር ማዶ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ጦርነት ከተነሣ ሦስት ወር ሆነ። አንድ ልጁ በዚያው መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። ሚስቱ የደም ግፊት አለባት፤ የስድስት ሰዓቱ ዜና ሳያመልጣት ከሬዲዮዋ ሥር ትቀመጥና፣ ዜናው እንዳለቀ ትደውላለች። «‹ያለ ፋታ› ማለት ምን ያህል ነው?» ትለዋለች። «‹ከባድ መሣሪያ› ሲሉ የቱን ነው?» እሱ ምን ይበላት? እንዲህ እያለች ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ገባች።

ማለስለስ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ «ከባድ» የሚለውን ተወ። ቀጥሎ «ያለ ፋታ» የሚለው ቀረ። የሚጠይቀው አልነበረም። የዜና አዘጋጇ በሱ እጅ ያደገች ናት፤ ወረቀቱን ሲያቀብላት ብዕሯን አንሥታ፣ «እርስዎ ካሉት ልክ ነው ጋሼ» ብላ ትፈርምበታለች። እንግሊዝኛውን አይታ አታውቅም።

የዚያን ማክሰኞ የሚስቱ ግፊት ከጠዋቱ አሻቅቦ ነበር። ልጁ ደግሞ ትናንት ከድልድዩ ወዲህ ካለችው ማረፊያ ከተማ ደውሎ፣ «እኔና ሽማግሌው መኪናችንን አቁመናል፣ ነገሩ ካልበረደ ንቅንቅ አንልም» ብሏል። ሽማግሌው ልጁን መሪ ያስያዘው አንጋፋ ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ እነሱ ቤት ሳይበላ አያልፍም።

በአምስት ሰዓት የመጣው እንግሊዝኛ ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ከንጋት ጀምሮ እየተቀጠቀጠ ነው ይላል። ተርጓሚው ደብተሩን አልገለጠም። ልጄ ቆሟል፣ አይነቃነቅም፣ ይህን የምትሰማው እሷ ናት፤ እንዲህ ነበር ያሰበው። ብዕሩን አነሣና፣ «በድልድዩ አካባቢ አልፎ አልፎ የተኩስ ድምፅ የተሰማ ሲሆን፣ የተሽከርካሪ እንቅስቃሴው ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው» ብሎ ጻፈ። ስለ እንቅስቃሴው እንግሊዝኛው ትንፍሽ አላለም። ያ የራሱ ምርቃት ነው።

«እርስዎ ካሉት ልክ ነው» ብላ ፈረመች።

በስድስት ሰዓት ዜናው ተነበበ። ሩብ ጉዳይ ለሰባት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሰማህ? በረደ እኮ!» አለች ሚስቱ። ድምፅዋ ከወር ወዲህ እንዲህ ቀሎ አያውቅም።

«እሰየው። በይ መድኃኒትሽን ውጪና ጋደም በይ።»

«እጋደማለሁ። እሱም አሁን ደውሎልኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ሰምቶ፣ ‹አባዬ እንቅስቃሴው ተመልሷል ካለ ተመልሷል› ብሎ ተነሣ። በዘጠኝ ሰዓት ድልድዩን እሻገራለሁ አለኝ።»

ተርጓሚው ስልኩን እንዴት እንዳስቀመጠው አያውቅም። ወደ ልጁ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደገመ፤ ዝግ ነው። ከማረፊያዋ ከተማ ከወጡ በኋላ ኔትወርክ እንደሌለ ራሱ ልጁ ነግሮታል። ጠረጴዛውን ይዞ ተነሣና ወደ አዘጋጇ ሄደ።

«የስድስት ሰዓቱን ዜና ዋሽቼ ነው የጻፍኩት» አላት። «መንገዱ እየነደደ ነው። ልጄ በሱ ላይ ነው ያለው። አሁኑኑ እርማት ይነበብ።»

ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

«ሚስቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ካነበብነው ማን እንዳበላሸው መጠየቁ አይቀርም። አራት ወር ቀርቶዎት…»

«ይጠየቅ። እባክሽ፣ ልጄ።»

አንባቢው ምሳ ወጥቷል። አዘጋጇ እጁን ይዛ ስቱዲዮ አስገባችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሉን እንጂ ድምፁን ሰው ሰምቶት አያውቅም። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ቀይዋ መብራት በራች። «ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ከንጋት ጀምሮ ያለ ፋታ በከባድ መሣሪያ እየተደበደበ ነው» ብሎ አነበበ። ወረቀቱ አለቀ፤ እሱ ግን አልተነሣም። «እኔ ተርጓሚው ነኝ። በስድስት ሰዓት የሰማችሁት ውሸት ነው። ሾፌሮች፣ ተመለሱ። ተመለሱ!»

ወደ ጠረጴዛው ሲደርስ ስልኩ እየጮኸ ነበር።

«ለኔ ብለህ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«አዎ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የተቆጠረው በስልኩ ዝምታ ነው። ሻይ አመጡለት፤ ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ልጁ ደወለ።

«አባዬ፣ ተመልሻለሁ።»

ተርጓሚው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ሰው አየኝ አላለም፣ አለቀሰ።

«መጀመሪያ ድምፁ የማን እንደሆነ አላወቅኩም» አለ ልጁ። «‹ተመለሱ› ስትል ለየሁህ። ልጅ ሆኜ አስፋልቱ ላይ ስሮጥ እንደዚያ ነበር የምትጣራው።»

«እናትህ ጋ ደወልክ?»

«ደውያለሁ። አባዬ… ሽማግሌው አልተመለሰም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«የሱ መኪና ሬዲዮ የለውም። ተኝቶ ነበር፤ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ‹አባቴ ነው የተረጎመው፣ ተነሣ› አልኩት። አንዴም አልጠየቀኝም፤ ቀድሞኝ ወጣ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲስ እንግሊዝኛ ገባ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ተርጓሚው አንዴ አነበባት፤ ደብተሩን ገለጠ። የድብደባዋ ቃል በሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ በጻፈው ሰማያዊ ቀለም፣ ከነአማርኛዋ ነበረች። እንዳለች ገለበጣት፦ «ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይ በከባድ መሣሪያ በተፈጸመ ድብደባ አንድ የጭነት መኪና ጋይቷል። ሾፌሩ ሞቷል።» ስም አልተጠቀሰም። ይህን በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ዜና ሚስቱ ከሬዲዮዋ ሥር፣ ልጁም መኪናው ውስጥ ይሰሙታል።

ወረቀቱን ወስዶ ለአዘጋጇ ሰጣት። ሳታየው ብዕሯን አነሣች፣ እንደ ወትሮዋ። ከዚያ እጇ ቆመ።

«እንግሊዝኛውንም ይስጡኝ፣ ጋሼ» አለች በቀስታ።

ሰጣት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋችና፣ በጣቷ ቃል በቃል እያስተያየች ማንበብ ጀመረች። እሱም እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቀ።