እናትሽን ጨምሮ

አባዬ ማየት ካቆመ ወዲህ፣ ከሥራ ስመለስ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዛሬ ስንት ደረስን?»

የጢንዚዛ ዝርያዎችን ማለቱ ነው። እሱ ሠላሳ ዓመት በሠራበት ቤተ መዘክር አሁን እኔ እሠራለሁ። ቁጥሩን ስነግረው ሁልጊዜ «እናትሽን ጨምሮ» ይላል። በዕድሜው ሙሉ አዲስ ዝርያ ብሎ የመዘገበው አንዲት ትንሽ ቡናማ ጢንዚዛ ብቻ ነው። እናቴ በሞተች ዓመት ስሟን ሰጣት።

ማክሰኞ ጠዋት አልኮል የሞላው ብልቃጥ መጣልን። ውስጡ ሁለት ጢንዚዛዎች እንደተጣበቁ ሞተዋል። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ የሚታወቀው ትልቁ አረንጓዴ ነው። ሌላዋ የአባዬ ቡናማ።

የሥራ ባልደረባዬ ከአጉሊ መነጽሩ ቀና ብሎ ሳቀ።

«ባልና ሚስት ናቸው እኮ! ሚስቲቱን ለብቻዋ ዝርያ ብሎ የመዘገባት ማነው ጉደኛ?»

መሳቢያውን ስቦ ወረቀቷ ላይ የአባዬን ስም ሲያነብ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«ዝም ብንልስ?» አለኝ። «አንዲት ጢንዚዛ ናት። ማን ያያታል?»

በዚያ ሳምንት ቁጥራችንን ልንልክ ነበር። በምድር ላይ ገና ያልታወቀ ስንት ዝርያ እንዳለ የሚገምቱት ሰዎች የሚነሡት ከእኛ ዓይነት መሳቢያዎች ነው፤ እዚህ የተደገመች አንዲት ስም እዚያ ተባዝታ ብዙ ትሆናለች። ዐይኔን በጨው አጥቤ ልልከው እችል ነበር። ግን ልጅ ሳለሁ አንዷን ሁለቴ ስቆጥር ከመጀመሪያው መሳቢያ የሚያስጀምረኝ አባዬ ራሱ ነበር።

ሰረዝኳት።

ማታ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት» አልኩት።

ትናንት አሥራ ሰባት ነበር። ጉልበቱን የሚያሻሹት ጣቶቹ ቆሙ።

«እሷ ናት?»

«አዎ አባዬ። ሴቴ ናት። ከባሏ ጋር መጣች።»

«ከየትኛው?»

«ከአረንጓዴው።»

«ከዚያ ጌጠኛ!» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው። «ወረቀቷን አልጣላችሁትም አይደል?»

«አይጣልም። ስሟ እንደተሰረዘ ከሥሯ ይቀመጣል።»

«እንደተሰረዘ» አለ ቀስ ብሎ። «ደግ አድርገሻል።»

በማግስቱ ማታ ስገባ ራዲዮ ከፍቶ ነበር። ኮቴን ሰቅዬ፣ እጄን ታጥቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ዝናብ አለ?» አለኝ።

«ትንሽ ያካፋል።»

ሌላ አልጠየቀኝም።