ኖራ የተቀባው በርሜል

አቶ ዳምጤ ጠዋት መምህር ሸዋንግዛው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የመምህሩን ቀኝ እጅ ነው። እስከ ክርኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ግድግዳው ጠቁሯል። የመስኮቱ መጋረጃ ግማሹ የለም።

"እንዴት ተነሳ?" አሉ።

"ማታ ፋኖስ ልለኩስ ስል ነው። ክብሪቱን ገና ሳላስጠጋው እሳቱ ተቀበለኝ። ውሃ ብደፋበት ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ አልጋው ሄደ። ባለቤቴ ሮጣ አፈር ባትበትንበት ቤቱም አይተርፍም ነበር።"

"ላምባውን ከየት ገዛኸው?"

"ከሰይዶ ቤት ነዋ፣ ሌላ የት አለ? ትናንት ወደ ማታ ነው ያመጣሁት።"

አቶ ዳምጤ የተረፈውን ላምባ ከነጠርሙሱ ደጅ አውጥተው አሸተቱ። ሽታው ሹል ነው። ላምባ እንዲህ አፍንጫ አይወጋም። ቤንዚን ነው፣ ወይም ቤንዚን አለበት።

ሰይዶ በቡታጅራ በዚያ ሰፈር ላምባና ቤንዚን በበርሜል አስመጥቶ የሚሸጥ ሰው ነው። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ሰፈሩ አልደረሰም፤ ሰው ሁሉ ሲመሽ የሚያበራው የሰይዶን ላምባ ነው። አቶ ዳምጤ ሰይዶን ማመን ካቆሙ ቆይቷል። ከመንገድ ሥራው መኪናዎች ቤንዚን እየተቀዳ ይሰረቃል የሚል ወሬ ከሰሙ ጀምሮ፣ የተሰረቀው ቤንዚን የት እንደሚገባ በልባቸው መልስ ነበራቸው። በርካሽ ገዝቶ ላምባው ላይ ይደፋዋል። አሁን ደግሞ ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ነው።

በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። አሥር አለቃ ሀብተጊዮርጊስ ጠርሙሱን አየ፣ አሸተተ፣ መልሶ ሰጣቸው።

"ጋሼ ዳምጤ፣ ይህ ጠርሙስ ነው። ሲቀላቅል ያየው ሰው ማነው?"

"እኔ አየዋለሁ።"

"እንግዲያው አይተው ይምጡ። ያን ጊዜ ወርጄ አስረዋለሁ።"

ከሰይዶ ግቢ ፊት ለፊት የልብስ ሰፊው የደበሌ በረንዳ አለ። አቶ ዳምጤ ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ተቀመጡ። ደበሌ የስፌት መኪናውን መርገጫ እየረገጠ በጎን አያቸው።

"ጋሼ፣ ሱሪ ሊያሰፉ ነው?"

"ጥላ ፈልጌ ነው።"

"ጥላው እኮ በዚህ በኩል ነው። እርስዎ የተቀመጡት ፀሐዩ ላይ ነው።"

"አንተ ስፌትህን ስፋ።"

ደበሌ ሳቀና ስፌቱን ቀጠለ።

ከተቀመጡበት የሰይዶ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። በሩ ክፍት ነው። አምስቱ በርሜሎች ከመንገዱ ዳር በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ሁሉም በኖራ ነጥተዋል። ይህ ሥራ የአቶ ዳምጤ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ወደ ሆሳዕና ሲሄድ በከተማው ያልፋል ተብሎ፣ እሳቸው ሰፈሩን እንዲያጸዱ ተመርጠው ነበር። አጥሩን አስቀቡ፤ የዛፉን ግንድ አስቀቡ፤ የመንገዱን ዳር ድንጋይ አስቀቡ። ኖራው ሲተርፋቸው የሰይዶን በርሜሎች ከየጥጋቸው አስወጥተው አሰለፉና እነሱንም አስቀቡ። ሰይዶ ያን ቀን አልነበረም። ቆሼ ከተማ ለቅሶ ሄጃለሁ ብሎ ከሄደ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። አምስት ቀን ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ይህንንም አቶ ዳምጤ በልባቸው ይዘውታል።

ግቢው ውስጥ የምትሸጠው ሚስቱ ዘይባ ናት። ከመስመሩ ሁለተኛው በርሜል ላይ የእጅ ፓምፕ ተክላ ትቀዳለች። አቶ ዳምጤ ከመሬት ጠጠር ለቀሙ። ገዢ ገብቶ በወጣ ቁጥር አንዳንድ ጠጠር ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ያዛውራሉ፤ የሰውየውንም መልክ ልብ ይላሉ። ነገ ምስክር ሲጠራ አንድም ሰው እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም።

አራተኛዋ ገዢ ጠላ ሻጯ ወለተ ሐና ነበረች። ጠርሙሷን አንጠልጥላ ስትወጣ በፊታቸው አለፈች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ ዳምጤ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ተጨማሪ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን አትለኩሺ ሊሏት። ግን ቢናገሩ ወለተ ሐና ለጎረቤት ትናገራለች፣ ጎረቤት ለዘይባ ይናገራል፣ ሰይዶ ከመንገድ ሳይደርስ ማስረጃው ይጠፋል። እስኪመሽ ማንም ፋኖስ አያበራም፤ እስከዚያ ጊዜ አለ ብለው ዝም አሉ። ጠጠሯን ወደ ቀኝ ኪሳቸው ጨመሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስምንት ጠጠር ነበራቸው።

ያን ጊዜ ሰይዶ መጣ። ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ትንሽ ጥቅል ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ግቢው ገባና ቆመ። አፍንጫውን ወደ ላይ አነሳ። ከሚስቱ ጋር በዝቅታ ተነጋገረ፤ አቶ ዳምጤ አንድ ቃል አልሰሙም። ከዚያ በጣሳ ከሁለተኛው በርሜል ቀዳ። ግቢው መሐል ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሄዶ ጥቂት ጠብ አደረገበት። ጣሳውን ከድኖ ራቅ አድርጎ አኖረው። ረጅም ሣር አቀጣጠለና እጁን ዘርግቶ ወደ ድንጋዩ አስጠጋ። ሣሩ ድንጋዩን ሳይነካ እሳቱ ቦግ ብሎ ተነሳ።

አቶ ዳምጤም ተነሱ። ደበሌ መርገጡን አቆመ። ሰይዶ ቅልቅሉን ሲፈትን በዓይናቸው አይተዋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?

"ያዝኩህ" አሉት በሩ ላይ ደርሰው።

ሰይዶ ዞር አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ጋሼ፣ እዚያው ይቁሙ። ጫማዎ ምስማር አለው።"

"ጫማዬ ምን አደረገህ?"

"ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ እሳት ይወጣዋል። ሲገቡ ያውልቁት።"

አቶ ዳምጤ የወታደር ጫማቸውን አዩ። የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ጊዜ የሚገዛው ብለው ጠረጠሩ። ቢሆንም አወለቁና በባዶ እግራቸው ገቡ።

"ቤንዚን ትቀላቅላለህ። መምህሩን አቃጥለኸዋል።"

"መምህሩን?" ሰይዶ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷም አሁን መስማቷ ነበር፤ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሰይዶ የእንጨት ስንጣሪ አነሳና የበርሜሉን ወገብ ይፍቅ ጀመር። ኖራው እየተላጠ ወደቀ። ከሥሩ ቀይ ቀለም ብቅ አለ። ፈቀቅ እያለ ፋቀ፤ ቀዩ በርሜሉን ዙሪያውን የከበበ ቀለበት ነበር።

"ይህ ቅልቅል አይደለም፣ ንጹሕ ቤንዚን ነው" አለ። "ቀዩን ቀለበት የቀባሁት በእጄ ነው፤ ላምባው ምልክት የለውም። ቦታውም እዚያ አጥሩ ጥግ ነበር፣ ለብቻው። ማን ነው ከላምባው በርሜሎች ጋር የደባለቀው?"

ዘይባ መሬት መሬት አየች።

"ለእንግዳው ተብሎ ነው፣ የከድር አባት። ጋሼ ናቸው ያሰለፏቸው። ቀለበቱስ ብያቸው ነበር።"

"ምን አሉሽ?"

"ቀይ ነገር ዓይን ይወጋል አሉኝ።"

አቶ ዳምጤ ይህን ማለታቸውን አስታወሱ። ቃል በቃል ነው። 

"አንቺስ አላሸተትሽም?" አለ ሰይዶ።

"ጉንፋን ይዞኛል። ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ስምግ የኖርኩ፣ አፍንጫዬ ምኑን ይለየዋል? ትናንት ወደ ማታ የመጀመሪያው ሲያልቅ ለመጨረሻው ገዢ ለመምህሩ ቀጥሎ ካለው ቀዳሁ፣ በቃ።"

"ለስንት ሰው ሸጥሽ?"

ዘይባ መቁጠር ጀመረች፤ ጠፋባት፤ ማልቀስ መጣባት። አቶ ዳምጤ እጃቸውን ቀኝ ኪሳቸው ከተው ጠጠሮቹን አወጡ።

"ዛሬ ስምንት ነው" አሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ ዘረዘሩ።

ሰይዶ ጠጠሮቹን አየ፤ ቀጥሎ እሳቸውን አየ። ምን እንደተቆጠረባቸው ገብቶታል። ስምንቱ ሲገዙ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ግን አልወቀሳቸውም።

"ዘጠኝ ነው" አለች ዘይባ። "በማለዳ፣ እርስዎ እዚያ ሳይቀመጡ፣ እማማ ተናኘወርቅ መጥተው ነበር።"

ተናኘወርቅ የአቶ ዳምጤ ሚስት ናቸው።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሰይዶ ጥቅሉን ጣለ። "እኔ ወደ ገበያው በኩል ልሂድ፣ እርስዎ ወደ ላይ ይሂዱ። ማንም ክብሪት እንዳይጭር። ዕቃውን ከድነው ደጅ ያውጡት፣ ከምድጃ ያርቁት። የቤንዚን ትንፋሽ ከባድ ነው፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ራሱ ይፈልገዋል።"

አቶ ዳምጤ ጫማቸውን ሳያነሱ ወጡ። እግራቸው ወደ ቤታቸው ይጎትታቸዋል፤ ግን ወለተ ሐና በመንገዳቸው ላይ ናት፣ እሷ ቤት ደግሞ እሳት አይጠፋም። ገቡ። ጠርሙሱ ከጋኑ ጀርባ ተቀምጧል። ነገሯት። ጠርሙሱን ራሷ አውጥታ ጓሮ አኖረችና ተመለሰች።

"ቀን በፊትዎ ሳልፍ አይተውት ነበር እኮ" አለች።

"አይቼዋለሁ።"

"እንደምን አደሩም ብዬዎታለሁ።"

ወጡ። በመንገድ ላይ ያሉትን ሌሎች ሁለት ቤቶችም ነገሩ። ከዚያ ወዲያ ሮጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ አይቷቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ሴቶች ቆመው ተመለከቱ።

ተናኘወርቅ ቤት ውስጥ የሉም፤ ከጓሮ እንሰቱ መሐል ድምፃቸው ይሰማል። በሩ ተዘግቷል። አቶ ዳምጤ በዝግታ ገፋ አደረጉት። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል፤ ከሥሩ ፍም ይታያል። ፋኖሱ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከምድጃው ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ሹሉ ሽታ በሩ ላይ ተቀበላቸው።

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ነፋስ ይገባ ዘንድ ትንሽ ቆሙ። ያቺ ትንሽ ረጅም ነበረች። ፍሙን ሊያጠፉ አሰቡ፤ ቢነኩት ብልጭታ ይረጫል ብለው ተዉት። ትንፋሻቸውን ውጠው ገቡ፣ ፋኖሱን ሳያጋድሉ አነሱ፣ የኋሊት እየረገጡ ወጡ። ጓሮውን አልፈው፣ ሚስታቸውን አልፈው፣ ከእንሰቱ ማዶ ባዶው መሬት ላይ አስቀመጡት። 

"ምን ሆነሃል?" አሉ ተናኘወርቅ። "ጫማህስ?"

"ቤት አትግቢ። ይንፈስበት።"

አቶ ዳምጤ ወደ ሰይዶ ግቢ ሲመለሱ ሰይዶ ሁሉንም አዳርሶ በሩ ላይ ቆሟል። አሥር አለቃ ሀብተጊዮርጊስም ከመምህሩ ጋር መጥቷል፤ ወረቀት ይዟል። የሰይዶን ክንድ ይዞት ነበር።

"ጋሼ ዳምጤ፣ አዩት አይደል? ሲቀላቅል አይተውታል?"

"አላየሁም። የሚቀላቅል የለም።"

"ጠዋት እኮ…"

"ጠዋት ሌላ ነገር ነው ያልኩህ። ልቀቀው። ምልክቱን በኖራ የሸፈንኩት፣ በርሜሎቹን የደባለቅኩት እኔ ነኝ። እሷ ነግራኛለች፣ አልሰማኋትም። ሲሸጥም እያየሁ ዝም ብያለሁ። ይህን ጻፍ።"

መምህሩ የተጠቀለለ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ አያቸው።  አሥር አለቃው ወደ ሰይዶ፣ ከዚያ ወደ አቶ ዳምጤ ተመለከተ፣ ክንዱን ለቀቀ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጻፈ፤ አቶ ዳምጤ ፈረሙ።

ያን ማታ በሰፈሩ ውስጥ አንድም ፋኖስ አልበራም። ሰው በየቤቱ ጨለማ ውስጥ ራቱን በላ።

ጠዋት አሥር አለቃው ሲያልፍ፣ ምስማር ያለው ጫማ ከሰይዶ በር ውጭ ተቀምጦ አየ። ውስጥ አቶ ዳምጤ በባዶ እግራቸው ተንበርክከው በእንጨት ስንጣሪ ኖራ ይፍቃሉ።

"ጋሼ፣ እንግዳው ሊያልፍ ነው እኮ። ቀዩን ቢያይስ?"

"ይየው" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።