ጃርቶቹ ሲያሸንፉ ቬርሊን የት ነበር?

የብሩነር ኮሌጅ ቡድን ዘንድሮ ስድስት ጊዜ ተጫውቶ ስድስቱንም አሸንፏል። በኔብራስካ በቆሎ መሀል የተቀመጠችው ያቺ ትንሽ ከተማ ይህን ወሬ ቁርስ ላይ ታነሳዋለች፣ እራት ላይም ትደግመዋለች። አይፈረድባትም። ጃርቶቹ፣ የቡድኑ ስም ነው፣ በደህናው ዘመናቸው እንኳ ግማሹን ካሸነፉ ቄሱ ሳይቀሩ በስብከት መሀል ያመሰግኗቸው ነበር። ይህ ኳስ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበት፣ ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ጨዋታ ለዚያ አገር ሰው ሁለተኛ ሃይማኖት ነው፤ አንዳንዱ ቤት አንደኛ ነው።

የዘንድሮው ድል ታዲያ በከተማው እምነት የአሰልጣኙ አይደለም። ዛንደር የሚባለው ፈጣን ሯጭም ጥቂት ድርሻ ቢኖረው ነው። ድሉ የቬርሊን ነው። ቬርሊን ዕድሜውን በእህል ጎተራ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጃርቶቹን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚከተል ሰው ነው። ለቡድኑ የዋለው ውለታም አንድ ነው፤ አለመገኘት።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎቹ፣ ቬርሊንም ከመሀላቸው ሆኖ፣ እንደ ልማዳቸው ካፌው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው የውድድር ዘመኑን ይገመግሙ ነበር። ሰብሳቢው ሜርል ነው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ማስጮህም ዝም ማሰኘትም ያውቅበታል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለ ማንኪያውን እያነሳ። «የመጀመሪያው ጨዋታ! ቬርሊን የት ነበር?»

«ሆስፒታል!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች።

«ምን ሆኖ?»

«የኩላሊት ጠጠር!»

«ውጤቱስ?»

«ሃያ ስምንት ለሰባት!»

«እኔ እኮ ሚስቴን ወደ ጨዋታው ልኬ እዚያ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ነበር» አለ ቬርሊን።

«ምነው እግዜር በየሳምንቱ አንድ አንድ ጠጠር በሰጠህ» አለው ሜርል፤ በፍቅር ነው ያለው። «ሁለተኛው ጨዋታ!»

ሁለተኛው ላይ ሚስቱ ቀድማ ሄዳ ቬርሊን በመንገድ አጋዘን ገጭቶ ቀረ። አጋዘኑ ሞተ፣ የመኪናው አፍንጫ ታጠፈ፣ ጃርቶቹ አሸነፉ። ሦስተኛው ላይ ግን በሰዓቱ ደርሶ ከሚስቱ ከአርሊስ ጎን ተቀመጠ፤ ጃርቶቹም ወዲያው ይደበደቡ ጀመር። በአሥራ ሰባት ነጥብ ተመርተው ሳለ በድምፅ ማጉያው «የቀይ ፒክአፕ ባለቤት፣ መብራት አልጠፋም» ተባለ። ቬርሊን መብራቱን ሊያጠፋ ሲወጣ ከኋላው ስታዲየሙ በእልልታ ተናጋ፤ ዛንደር አስቆጥሯል። ተመልሶ በሩ ጋ ሲደርስ ጃርቶቹ ኳሷን ጣሉ። ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሲመለስ ኳሷን መልሰው ነጠቁ። ሜርል ይህን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያይ ነበርና ኮፍያውን እያውለበለበ፣ «እዚያው ቁም! እንዳትነቃነቅ!» ብሎ ጮኸ። ቬርሊንም ቆመ፤ ጃርቶቹም አሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ የቬርሊን ቦታ ፒክአፑ ውስጥ ሆነ። ቡድኑ ሌላ ከተማ ሲጫወት እንኳ አርሊስን አሳፍሮ ሦስት ሰዓት ነድቶ ይሄዳል፤ እሷን በር ላይ ያወርድና መኪናውን ለስታዲየሙ ጀርባውን ሰጥቶ ያቆማል። አራተኛው ጨዋታ ላይ ሰይጣን አሳስቶት ሬዲዮ ከፈተ። በዚያችው ቅጽበት ተቃራኒው ቡድን አስቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ሬዲዮም ቀረ። እግረ ደረቅ ሰው መኖሩን ሰምቶ ያውቃል፤ ጆሮ ደረቅ ሰው መኖሩን ግን ያን ቀን አወቀ።

«የዛንደርን ሩጫ አትረሱትም መቼም» አለ አንዱ ሽማግሌ። «አምስቱን ሰው እንደዚያ አጥፎ አጥፎ ሲያልፍ!»

«ጩኸቱን ሰምቻለሁ» አለ ቬርሊን። «ረጅም ጩኸት ነበር።»

እውነት ነው፤ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው የውድድር ዘመን ሲመጣ ቬርሊን እስካሁን ያየው በቆሎ ብቻ ነው።

«ያው ቅዳሜም እንደተለመደው ነው አይደል?» አለ ሜርል። «የቀድሞ ተማሪዎች ቀን ነው። ሰው ከየአገሩ ይመጣል። ጣጣህን በእኛ ላይ እንዳታመጣብን።»

ቬርሊን «እንግዲህ እናያለን» አለና ቡናውን ፉት አለ። እሺ ያላለበት ምክንያት ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነበር።

አርሊስ በወጣትነቷ የኮሌጁ ማርሽ ባንድ ውስጥ ያን ትከሻ ላይ የሚጠመጠመውን ትልቅ የናስ ጥሩምባ ትነፋ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች ቀን ሲመጣ የጥንቶቹ ባንደኞች ሆዳቸውን አላስገባ ያለውን ዩኒፎርም እየታገሉ በዕረፍት ሰዓት ሜዳውን ይዞራሉ። እሷ አንድም ጊዜ ወጥታ አታውቅም፤ ሁሌ «ለከርሞ» ትል ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የሳንባ ምች ያዛትና ሐኪሞቹ ቬርሊንን ጥግ ወስደው በፊቷ የማይነገር ነገር ነገሩት። ተረፈች። እንደተረፈች ጥሩምባውን ከጣሪያ ሥር አስወረደች። በጋውን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ስትነፋ መጀመሪያ ሳል ወጣ፣ ቀጥሎ እንደ ላም ያለ ድምፅ፣ በመጨረሻ ዜማ።

ያን ቀን ቬርሊን ከካፌ ሲመለስ ጥሩምባው ውስጥ እንደተጠመጠመች ጠበቀችው።

«ቅዳሜ ሜዳ ላይ እወጣለሁ» አለችው። «ታየኛለህ ወይስ ትሰማኛለህ?»

«እየውልሽ አርሊስ፣ ከተማው በሙሉ እኮ...»

«ስለ ከተማው መች ጠየቅኩህ?»

እሷም መልሱን ሳትጠብቅ ጉንጯን ነፍታ ረጅም ድምፅ ስትለቅበት፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የምስማር ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስል ከርሞ ዓርብ ዕለት እንደ ጠበቃ መውጫ አገኘ። የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ አይደለም። ኳስ የለም፣ ሰዓት አይቆጠርም። ገብቶ ሚስቱን አይቶ ቢወጣ ገዱ ማንንም አይነካም። ቬርሊን በዚህ ጥበቡ ራሱን አደነቀ።

ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው ገና በጠዋቱ ባቄላና የተፈጨ ሥጋ ባለበት ትኩስ ወጥ ሸተተ፤ ከጎኑም እንደ አገሩ ደንብ ቀረፋ የበዛበት ጥቅል ዳቦ ተደረደረ። ቬርሊን ድርሻውን ተቀብሎ ፒክአፑ ውስጥ ገባ። ጩኸቱን እየቆጠረ ቆይቶ የዕረፍቱ ፊሽካ ሲነፋ ከመኪናው ወርዶ ሮጠ፤ ሰሌዳው ላይ ጃርቶቹ አሥራ ሰባት ለሦስት ይመራሉ።

በሩ ላይ የቆመችው ተማሪ እጇን ዘረጋች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ መግባት አይችሉም።»

«ትኬት አለኝ እኮ፣ ልጄ!»

«የትኬት ጉዳይ አይደለም። ጋሽ ሜርል ፎቶዎን ሰጥተውናል።» እውነትም ከጀርባዋ የቬርሊን ፎቶ ተለጥፏል፤ ባለፈው ዓመት ትልቅ ዓሣ ይዞ የተነሳው። ዓሣውን እንኳ ከፎቶው አልቆረጡትም።

«አሁን ጨዋታ አለ?» አላት።

«የለም።»

«ታዲያ ምን እጎዳለሁ? ባለቤቴ ሜዳ ላይ ናት።»

ልጅቱ ፎቶውን አየች፣ እሱን አየች። «ሲጀመር ግን ይወጣሉ፣ እሺ?»

«በእናቴ!» ብሎ ገባ።

ባንዱ መሀል ሜዳ ደርሷል። አርሊስ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ከናሱ በላይ ነጭ ፀጉሯ፣ ከናሱ በታች ቀጫጭን እግሮቿ ብቻ ይታያሉ። እየነፋች ዓይኗን ወደ ትሪቡኑ፣ ወደ መቀመጫቸው ትልካለች። ቬርሊን ዓይኗን ተከትሎ አየ። የእሱ ቦታ ላይ ባለ መስመሩ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ማንም እንዳይቀመጥበት። ግራና ቀኙ ሰው ጢም ብሏል፣ እሷና እሱ የሚቀመጡባት ቦታ ብቻ ባዶ ናት። ስድስት ጨዋታ ሙሉ የት እንደተቀመጠች እንጂ ከማን ጋር እንደተቀመጠች አስቦ አያውቅም ነበር። አሁን አሰበ።

ኮፍያውን አውልቆ ከአጥሩ ሥር አውለበለበ። አየችው። ካየችው በኋላ ጥሩምባው በዜማው ውስጥ የሌለ ድምፅ አወጣ፤ ከፊቷ ያለው ከበሮ መቺ ደንግጦ ዞረ። ቬርሊን ሳቀ፣ ከዚያ ያለ እፍረት አለቀሰ።

ሰልፉ ሲበተን ቃሉን አክብሮ ወደ በሩ አመራ። አርሊስ ጥሩምባውን እንደተጠመጠመች፣ እያለከለከች ደርሳ እጅጌውን ያዘችው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መኪናው። ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ነው። አሥራ ሰባት ለሦስት እኮ ነው፣ አርሊስ!»

«ባለፈው ክረምት እኔ ተኝቼ አንተ ወንበር ላይ ስታድር፣ ‹ስትድኚ ጃርቶቹን አብረን እናያለን› አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እናንተ ስድስት አሸነፋችሁ፤ እኔ ብርድ ልብስ አቅፌ ስድስት ተሸነፍኩ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ቬርሊን የምትባል መሆኗ ያን ጊዜ ገባው። ጥሩምባውን ከትከሻዋ አወረደላትና ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። ብርድ ልብሱን አነሳ፤ ተቀመጠ።

«ቬርሊን!» ሜርል ከላይ ጮኸ። «ሊጀመር እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ።»

«አንተ ሰው! የልጆቹን ላብ አስብ!»

«እኔም ላብ አለኝ፤ ይህን ጥሩምባ ተሸክመኸው ታውቃለህ?»

ተጀመረ። የተቃራኒው ቡድን ልጅ የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀብሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ አስቆጠረ። ትሪቡኑ በሙሉ ያስቆጠረውን ትቶ ወደ ቬርሊን ዞረ። ቬርሊን ብርድ ልብሱን በሁለታቸው ጉልበት ላይ አለበሰ። ትንሽ ቆይቶ ዛንደር ኳሷን ታቅፎ አንዱን አጠፈ፣ ሁለተኛውን ዘለለ፣ ሦስተኛው እግሩ ሥር ወደቀ፣ ገባ! ቬርሊን ዘሎ ተነሳና ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ዘንድሮ በዓይኑ ያያት የመጀመሪያዋ የጃርቶቹ ነጥብ ናት።

የመጨረሻዋም እሷ ሆነች፤ ከዚያ ወዲያ ያስቆጠሩት ተቃራኒዎቹ ብቻ ናቸው። በመጨረሻው ደቂቃ የጃርቶቹ መቺ እኩል ለመውጣት በእግሩ የላካት ኳስ ቋሚውን መትታ ተመለሰች። ሃያ ሰባት ለሃያ አራት፤ ተሸነፉ።

በዚያ አገር ሰው ሲቆጣ አይሳደብም፤ ስለ አየሩ ያወራል። ሲወጡ በሩ ላይ አንዷ «ነፋሱ በረደ አይደል፣ ቬርሊን» አለችው። ፋርማሲስቱ «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» አለው። ቄሱ ሳይቀሩ ስለ ደመናው ነገሩት። አርሊስ ክንዱን እንደያዘች ለሁሉም «አዎ፣ ደስ የሚል ቀን ነው» እያለች አሳለፈችው።

ሰኞ ካፌ ሲገባ ወንበሩ አልተወሰደም፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ሜርል ማንኪያውን አነሳ፣ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም።

«ሰባተኛው ጨዋታ» አለ። «ቬርሊን የት ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ስኒያቸውን ያማስሉ ጀመር።

«አርሊስ አጠገብ» አለ ራሱ ቬርሊን።

«ውጤቱስ?»

«ተሸነፍን።»

«እንግዲህ እስካሁን ስድስት አሸንፈን አንድ ተሸንፈናል» አለ ሜርል እየከበደው። «አራት ጨዋታ ይቀራል። ምን ትላለህ?»

ቬርሊን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «የእናንተ ስድስት ለአንድ ነው። በእኔ ቤት ግን አንድ አሸንፌ ስድስት ተሸንፌያለሁ። የቀረችኝ አራት ናት፤ አራቱንም ባሸንፍ እንኳ ዕዳዬን አልጨርስም።»

ሜርል ማንኪያውን አስቀመጠ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ብዙ ተመለከተ።

«አየሩ ግን ዛሬ ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ቅዳሜም እንዲሁ ይሆናል አሉ» አለ ቬርሊን። «ውጭ ለመቀመጥ የሚመች።»