ሁለት ጊደሮች ለቡልቡላ

የከብት ሐኪሙ ሰንበታ ሆራ ትምህርቱን በፈረንሳይ አገር ጨርሶ በ1920 ዓ.ም. አዳማ ሲገባ፣ ቡልቡላ ላይ ከብት በገፍ ያልቅ ነበር። የበሽታውን ምንጭ ለማግኘት አጉሊ መነጽርና ለአንድ ዓመት ጥናት የሚሆን ገንዘብ ያስፈልገዋል። ለአገረ ገዢው ሦስት ጊዜ በቁጥር የተሞላ ማመልከቻ ላከ፤ መልስ አላገኘም።

በአራተኛው ያለ ወረቀት ራሱ ገዢው ፊት ቀረበና ቡልቡላ ያገኛትን፣ ባሏ የሞተባትን የሰሊማን ታሪክ ነገራቸው። ሰባት ላሞቿ በአንድ ሳምንት አለቁ። የቀረችውን ጥጃ ቤቷ አስገብታ፣ ነጠላዋን አልብሳ፣ እስክትሞት አቅፋት ዋለች።

ገዢው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ለዚች ሴት ሁለት ጊደር ይሰጣት» ብለው ጸሐፊያቸውን አዘዙ።

«ጌታዬ፣ በሽታው ካልታወቀ እነዚህም ይሞታሉ» አለ ሰንበታ።

«እንዲህ ያለ ነገር እያለ ለምን ቁጥር ስትልክልኝ ከረምክ?»

«ጥናቱስ?»

«ሴትዮዋ ተረዳች አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ቀረ?»

ጊደሮቹን እንዲያደርስም እሱኑ ላኩት። ሰንበታ አምስት ቀን ሙሉ ከብት ሲነዳ በገዢው ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩን አሳምሮ በተናገረበት በገዛ አፉም ተናደደ።

ሰሊማ እያለቀሰች መረቀችው። እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ከወንዙ አታጠጫቸው» አላት። «ውሃውን እጠረጥራለሁ።»

«ታዲያ የት ላጠጣቸው፣ ሐኪም?»

በሽታው ከውሃው ይሁን ከሣሩ እንኳ በእርግጥ አያውቅም። የጊደሮቹን ገመድ አስጨበጣት።