ውጊያ ያረፈበት ጋዋን

ከዛፍ ጋር ጠብ የለኝም። ጥላ ሲኖረው እቀመጥበታለሁ፣ ፍሬ ካለውም እበላለታለሁ። አንድ ዛፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሦስት ገጽ ሲፈጅ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል። የዛፉ ስም፣ የቅርፊቱ መልክ፣ ማን እንደተከለው፣ የተከለው ሰውዬ አያት ማን እንደነበሩ ሳይቀር ይነገረናል። ንጉሡ ዘውዱን ተቀምቶ ጫካ ገብቷል፣ ዘንዶው ተራራው ላይ ተጋድሞ ይጠብቀዋል፣ ደራሲው ቅጠል ይቆጥራል።

ይህን መጽሐፍ ያመጣችብን አክስቴ ናት። በምንሠራበት የልብስ ስፌት ቤት አንድ ደንብ አለን። እኛ ስንሰፋ አንድ ሰው ያነብልናል፣ የአንባቢውን የሥራ ድርሻ ደግሞ ሌሎቻችን ተካፍለን እንሠራለታለን። ደንቡ የወጣው ለአክስቴ ሲባል ነው። በዚህ ቤት እንደ እሷ የሰፋ አልነበረም፤ እኔንም ኮሌታ መትከል ያስተማረችኝ እሷ ናት። እያደር ጣቶቿ ደርቀው መርፌ አልይዝ አሉ። እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት፣ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ሲሉ ተሰብስበን ለመንናቸው። ሥራው እስካልተበላሸ ድረስ ብለው ተስማሙ። አክስቴ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቤት ከዋልኩ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው ትለኛለች። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔን ግን አያስቀኝም።

መጀመሪያ የምታነብልን አጫጭር ታሪክ ነበር። ምሳ ሳይደርስ ሰውዬው አግብቶ፣ ተፋትቶ፣ ታርቆ ያልቃል። ከዚያ አንድ ቀን ከመንገድ ዳር መጽሐፍ ሻጭ ካውያ የሚያክል ጥራዝ ተሸክማ መጣች። የድሮ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ስንት ሰው ያነበበው ነው አለችን። ገና ሲገልጡት ካርታ አለው። እኔ ካርታ ያለው ልብ ወለድ ሳይ ገና ሳይጀመር ይደክመኛል።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ ቁልፉ የጫካው ወገን ሆኑ። እንዲህ የምንላቸው ቁልፍ በእጅ የሚተክሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ዓይናቸውን ከመርፌያቸው ሳያነሱ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ብቻዬን ብትለቁኝ የውሃ ምንጩን አላጣውም ይላሉ። አክስቴ አንድ ቅርንጫፍ ብታልፍ ያውቁባታል። እኔ ደግሞ የውጊያው ወገን ነኝ። የስፌት መኪና ላይ ከተቀመጥኩ ስለምፈጥን ባቡር ነው የሚሉኝ፤ መኪና ላይ ያሉት ሁሉ ከእኔ ጋር ናቸው። ዝለይው እላታለሁ፣ አይዘለልም ትለኛለች። ደራሲው የሚከፈለው በቅጠል ነው እንዴ እላለሁ። ጋሼ ቁልፉ ባቡርም እኮ ፌርማታ አለው ይሉኛል። ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ዛፉ ግን ይቀጥላል።

የምረቃ ጋዋን ትእዛዝ የመጣልን በዚህ መሀል ነው። ጥቁር፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ ስፌት ያለው። ረጅም ስፌት ደግሞ ጉድን አይደብቅም። የመጀመሪያዎቹን ጋዋኖች ስንሰፋ ንጉሡ ገና ጫካ ውስጥ ነበር፤ እያዛጋሁ ሰፋሁ። ከዚያ፣ ተመስገን፣ ጫካው አለቀና ተራራው ግርጌ ደረሰ። ዘንዶው ነቃ። አክስቴ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ እኛ መኪናውን ረገጥነው። ቤቱ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም። ዘንዶው እሳት ሲተፋማ ክሬ ማለቁን ሳላውቅ አንድ ክንድ ያህል በባዶ መርፌ ሰፍቻለሁ። ንጉሡ ገና ጎራዴውን እንዳነሳ ትእዛዙን ጨርሰን አስረከብን።

ከጋዋኖቹ ብዙዎቹ ተመለሱ። እትዬ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ዘረጓቸው። ስፌቱ እየተጠማዘዘ ነበር የሚወርደው። አልጮሁብንም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር። ሥራው እስካልተበላሸ ብዬ ነበር አሉ። ከነገ ጀምሮ ሬዲዮ እንደሚከፈት፣ አክስቴም ቤቷ ሆና እንድታርፍ፣ እኛም እየሄድን እንደምንጠይቃት ቀስ ብለው ነገሯት። አክስቴ ያለችበትን ገጽ በቁራጭ ጨርቅ ምልክት አድርጋ መጽሐፉን ዘጋች፣ መነጽሯን አውልቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከተተች። ያን መጽሐፍ እንዲያልቅልኝ ስመኝ ከርሜ፣ ሲዘጋ ማየት አቃተኝ።

ለመተርተር አንዱን ጋዋን ሳብኩ። ስፌቱ የራሴ ነው። ከብብት በታች ድንገት ወደ ግራ ይሸሻል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ ክር የሌለው ባዶ ቀዳዳ ብቻ ይቀጥላል። ያቺን ባዶ ቦታ አወቅኋት። እሳቱ ነው። ከእሷ ዝቅ ብሎ የጠመመው ደግሞ ዘንዶው በጭራው የንጉሡን ፈረስ የጣለ ጊዜ ነው። ብድግ ብዬ ለናሙና ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን የመጀመሪያውን ጋዋን አወረድኩና ከጠማማው አጠገብ ዘረጋሁት። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ዛፉ ነው" አልኳቸው።

"የምን ዛፍ?"

"ይሄኛው ዛፉ ሲነበብ የተሰፋ ነው። ያኛው ውጊያው ነው። እሷ ምን አጠፋች? ዘንዶ ሲመጣ የምንሮጠው እኛ ነን።"

አላመኑኝም። መነጽራቸውን አድርገው ጠማማውን ስፌት በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ጋሼ ቁልፉ ከጎናቸው ቆመው፣ እዚህ ጋ ፈረሱ ወደቀ፣ እዚህ ጋ ጋሻው ተሰበረ እያሉ ያስረዷቸዋል። እትዬ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ሳቅ ይዟቸው እንደሆነ ትከሻቸው አሳበቀባቸው። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩን። ጋዋኖቹን እንደገና ስንሰፋ የሚነበበው ጫካው ብቻ ነው። ውጊያው ካውያ ስንይዝና የተረፈ ክር ስንለቅም ይነበባል። አንድ ስፌት ከጠመመ ግን ሬዲዮው ይከፈታል።

ችግሩ ጫካውን ጨርሰነዋል። እንደገና ከመጀመሪያው ዛፍ መጀመር ነበረብን፤ በራሴ ላይ የፈረድኩት ደግሞ እኔው ነኝ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ በላዩ አየችኝና አንዳንዱን ብንዘለው አይሻልም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት ቅጠል እንዳትዘይ አልኳት።

መጽሐፉ በሁለተኛው ጊዜም አላጠረም። ደራሲው ስለ ጭቃ ግማሽ ገጽ መጻፉን ዛሬም ይቅር አልለውም። ግን ስፌቱ እንዳይጠምብኝ ስለፈራሁ እግሬ ከአክስቴ ድምፅ ጋር መሄድ ጀመረ። እሷ ስታርፍ ያርፋል፣ ስትቀጥል ይቀጥላል። ሽበታሙ የሚሉት አሮጌ ዛፍ ጋ ስንደርስ ንጉሡ ጎራዴውን መሬት አስቀምጦ ግንዱን ተደግፎ ይቀመጣል። ዘውዱም ቤቱም ሄዷል፤ ከስፍራው ያልተነሳ ነገር ያ ዛፍ ብቻ ነው። እሱን ነው ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያየው። አክስቴ እዚያ ቦታ ላይ ድምጿ ይለሰልሳል። ለምን ያ መጽሐፍ ቶሎ እንዲያልቅባት እንደማትፈልግ ያን ጊዜ ገባኝ። እስካላለቀ ድረስ ጠዋት ተነስታ የምትመጣበት አላት። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ፤ ስፌቴ ግን አልጠመመም።

ጋዋኖቹ ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ዘንዶውንም ካውያ ይዘን እንደቆምን ገደልነው፤ አንድ ኮሌታ ብቻ አቃጠልን፣ እትዬም እንዳላዩ ሆነው አለፉን። ቆይቶ የሆቴል መጋረጃ ትእዛዝ መጣ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚደርስ። እትዬ ጨርቁን በእጃቸው እየለኩ ይሄ ስንት ዛፍ ይፈጃል ብለው ጋሼ ቁልፉን ጠየቁ። እንግዲህ ወንዙንም ካልጨመርን አይበቃም አሉ ጋሼ።

አክስቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ እንደያዘች ሽፋኑን ትደባብሳለች።

"ይሄ እንኳ አልቋል" አለችኝ። "አንቺ የምትወጂው ዓይነት አጭር ነገር ላምጣ?"

"መጋረጃ በአጭር ነገር አይሰፋም። ከሽበታሙ ጀምሪልን።"

"ስሙን ይዘሽዋል እንዴ?"

"የተከለውን ሰውዬ አያትም አውቃቸዋለሁ" አልኳትና ክሬን መርፌው ውስጥ አስገባሁ።