ሰው ልጠይቅ ነው

ደባርቅ ውስጥ፣ ያለ ምንም ጉዳይ በእግር መሄድ እንደማይቻል ያወቅሁት በ1974 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሐኪም እንድሄድ ካዘዘኝ በኋላ ነው። ሐኪም ስል ወልደ ሩፋኤልን ማለቴ ነው፤ የጤና ጣቢያው ጤና ረዳት። ሽንቴን በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር በእሳት አፈላና ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣው። ሰማያዊው ጠፍቶ እንደ ሸክላ ቀልቷል።

"ስኳር ነው ጋሽ ደርበው። ጤነኛ ቢሆኑ ሰማያዊ እንደ ሆነ ይቀር ነበር" አለኝ። "የእግር ጣቶችዎ የሚደነዝዙትም ከዚሁ ነው። ጠላውን ይተዉ፣ ምግብ ይቀንሱ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ። አለዚያ ይህ እግር አይቆይልዎትም።"

ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል። የእግሬ ነገር ግን አስደነገጠኝ፤ አጎቴ በዚሁ በሽታ እግራቸው ተቆርጦ በክራንች ነው የቀሩት። በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሊማሊሞ በኩል ባለው መንገድ ወጣሁ።

መቶ እርምጃ ሳልሄድ አንዱ "ወዴት ነው በጠዋቱ?" አለኝ። ትንሽ አለፍ ስል ሌላዋ "ደህና ነው? ወዴት ነው?" አለች። ምን ልበል? እኛ አገር ሰው ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ዝም ብሎ ሄዶ ዝም ብሎ የሚመለስ እብድ ብቻ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን "ሰው ልጠይቅ ነው" አልሁና አለፍሁ።

ከከተማው ጫፍ፣ ከመጨረሻዋ ቤት ደጃፍ፣ እመት ስንቄ አጥራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰባ ያለፋቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ለእሳቸውም ያንኑ አልሁ።

"ውይ! ማን ታመመብህ ልጄ?"

"አንድ... ዘመድ ነው።"

"እግዜር ይማረው። ምኑን ነው የሚያመው?"

ውሸት አልችልበትም። "እግሩን ይደነዝዘዋል" አልሁ።

ከዚያ ቤት ወዲያ እስከ ፍተሻ ኬላው ድረስ ጽድና ድንጋይ እንጂ ሰው የለም። ኬላው ጋ ደርሼ ተመለስሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ፣ ሐኪሙንም መንገዱንም እየረገምሁ። ሁለተኛ እንዳልወጣ ምዬ ነበር። ሲነጋ ግን አሮጊቷ ትዝ አሉኝ። ብቀር፣ ሰውየው ሞተ ይላሉ። በአንድ ቀን ልግደለው እንዴ? እያጉረመረምሁ ጫማዬን አጠለቅሁ።

"እንዴት አደረ?" አሉኝ ገና ከሩቅ።

"ያው ነው፣ እመት ስንቄ።"

"እህል ይቀምሳል?"

"እንዲያውም ያበዛል።"

"እንግዲያው ቀንስ በለው!"

እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን። አንድ ቀን "ትናንት ጠላ አምሮት ሁለት ዋንጫ ጠጥቷል" ብላቸው ተቆጡ። "ምን ዓይነት በሽተኛ ነው? መዳኑ ለማን መሰለው? ተው ብላሃለች በለው!" እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ፤ ያን ዕለትም ማታ ጠላ ቤቱን በሌላ መንገድ ዞርሁት። በሚያዝያ ቱቦው ብርቱካን መሰለ፣ በግንቦት ቢጫ ሆነ። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ያልነገርሁትን ለእሳቸው "ትንሽ ተሽሎታል" ብዬ ለመንገር ስቸኩል እርምጃዬ ፈጠነ። እሳቸውም እልል አሉ።

ሰኔ ላይ ደምለው የሚባል አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ እዚያው አጥር አጠገብ አስቆመኝ።

"ጓድ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ኬላውን አይተህ ትመለሳለህ። ወዴት ነው?"

"ሰው ልጠይቅ ነው።"

"ማንን? ከዚህ ወዲያ ቤት የለም። ና እስቲ፣ እኛም እንጠይቅህ።"

በዚያ ዘመን መጠየቅ ሁለት ዓይነት ነበር። ሁለተኛውን ዓይነት የተጠየቀ ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ፣ መመለሱም እንደሚያጠራጥር ሁላችንም እናውቃለን። ለጤናዬ ነው የምመላለሰው ብል ማን ያምነኛል?

እመት ስንቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከግቢያቸው ወጡ።

"ምነው ደምለው? እኔን ሊጠይቅ የመጣን ሰው መንገድ ላይ ታቆማለህ?"

"እርስዎን ነው እንዴ?"

"አዎ፣ እኔን! እዚህ ቆሞ ሲያዋራኝ ያላየ ጎረቤት አለ? አንተማ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደሩ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

ደምለው አፈረ። "በል ከዚህ አትለፍ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከቤቴ እስከ አጥራቸው ሁለት ጊዜ እየተመላለስሁ ሰዓቴን እሞላ ጀመር፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ይጠይቁኛል። ስላዳኑኝ ነገር አንድም ቀን አላነሡም።

ነሐሴ ላይ ወልደ ሩፋኤል ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሣው። ፈልቶም ሰማያዊው ሰማያዊ እንደ ሆነ ቀርቷል። ጣቶቼም ጠጠር መለየት ጀምረዋል። "ምን ቢያደርጉ ነው?" አለኝ። ቱቦውን እንደ ያዘ ትቼው ወጣሁና በጭቃው ውስጥ ሮጥሁ። እኔ፣ ሮጥሁ! እመት ስንቄ ደጃፍ ስደርስ ትንፋሼ እንኳ አልተቆረጠም።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ዋሽቼዎታለሁ። የታመመ ዘመድ የለኝም፤ በሽተኛው እኔ ነኝ። እርስዎ ባይጠብቁኝ ኖሮ ይህ እግር..."

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ አልሁ። በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ከመቆጣት ይልቅ ግራ የገባቸው መሰሉ።

"ታዲያ ልጄ፣ አምስት ወር ሙሉ ማንን ስጠይቅ የከረምሁ መስሎህ ነው?"