የዘይቱ ልክ

የእህቴ ባል የመኪና ኮፈን የሚከፍተው ጓንት አድርጎ ነው። ሐኪም ቤት የሚደረገውን፣ ሰማያዊውንና ስሱን። አጥልቆ ሲጨርስ አንጓው ላይ ጧ ያደርገዋል፤ እኔ ደግሞ ያቺን ጧ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ በባዶ እጁ ሞተር ሲፈታ ኖሯል። እኔም ከእሱ የተማርኩት በባዶ እጄ ነው።

"ጥሩ ልጅ ነው" ይላል ያየው ሁሉ። የሚያበግነኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ በተገላገልኩ፤ ክፉን ሰው በአደባባይ መጥላት ይቻላል። ይሄ ግን የበላበትን ሳህን የሚያጥብ፣ "እትዬ" እያለ ከወንበሩ የሚነሣልኝ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን የሚጠላ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው ይባላል። ልክ ነው፣ ጥፋቱ የራሴ ነው። ቢሆንም ጠላሁት።

እኔ የቤቱ ትልቅ ልጅ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ድርጅት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስሰፋ እውላለሁ። እናታችን ስትሞት እኔ አሥራ ሁለት፣ ታናሽ እህቴ አራት ዓመታችን ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ያለነው አባቴ፣ እኔ፣ እህቴና መኪናዋ ነን። መኪናዋ ከእህቴ በዕድሜ ትበልጣለች። ቀለሟ ምን እንደነበር ዛሬ መናገር የሚችል ሰው የለም፤ ሊብሬው ላይ "አረንጓዴ" ይላል፣ እኛም አንከራከርም።

እሑድ ጠዋት የእኔና የአባቴ ነበር። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ አባቴ በርጩማውን ከፊት ጎማው አጠገብ ያስቀምጥና "አለቃ፣ ምን አለን?" ይላል። አለቃ እኔ ነኝ። ኮፈኑን እከፍታለሁ። የራዲያተሩን ውሃ፣ የፍሬኑን ዘይት አያለሁ። ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት ካበቀለ በሙቅ ውሃ አጥቤ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ከዚያ እጥበት ነው፤ ከጣሪያ ወደ ታች፣ ጎማ መጨረሻ። ባልዲው ሁለት ነው፣ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። "ባለ አንድ ባልዲ መኪናውን በአሸዋ ይፈገፍጋል" ይላል አባቴ። ዓይኖቹ ላይ ሞራ ከወጣባቸው ወዲህ እንኳ ከበርጩማው አልቀረም፤ የስፖንጁን ድምፅ እየሰማ "የኋላውን በር ዘለልሽው" ይለኛል። ዘልዬውም እገኛለሁ።

ከአምስት ወር በፊት ታዲያ እህቴና ባሏ የራሳቸው ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ ብለው እኛ ጋ ገቡ። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። በመጀመሪያው እሑድ ገና ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣና ከመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ የመመሪያ መጽሐፉን አገኘ። ማንም ገልጦት አያውቅም። እሱ ግን አባቴ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ከገጽ አንድ ጀምሮ ያነብለት ጀመር፤ አባቴም ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ "እህ... እህ... ተመልከት እንግዲህ" እያለ ያዳምጠዋል። እኔ ከላይ ጣሪያውን እያጠብኩ ነው። ሁለት ጊዜ ሆን ብዬ ውሃ አንጠባጠብኩበት። "ይቅርታ እትዬ፣ መንገድ ዘጋሁብሽ" ብሎ ፈቀቅ አለ። ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ!

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ አንድ ነገር ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ የጎማው ንፋስ፤ በመዳፍ መጫን አይበቃም ብሎ መለኪያ ገዛ። ቀጥሎ ባትሪው። ቀጥሎ የመስታወቱ ውሃ። አባቴ "ጎበዝ፣ ጎበዝ" ይላል። እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ ጎበዝ ብሎኛል? ቆጥሬ አላውቅም፤ መቁጠር የጀመርኩት እሱ ጎበዝ ሲባል ነው።

አንድ እሑድ ሳሙና አልቆ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ኮፈኑ ተከፍቷል። በሩ ላይ እንዳለሁ አባቴ "አለቃ፣ ምን አለን?" ሲል ሰማሁና "መጣሁ አባዬ" ልል አፌን ከፈትኩ። "ሁሉም ደህና ነው አባባ" አለ የእህቴ ባል። አባቴም "በል እንግዲህ ክደነው" አለው። እኔን የጠራ መስሎት ይሁን፣ እሱን ብሎ ይሁን ዛሬም አልጠየቅሁም። ሳሙናውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የራሴን ስም ሰው ለብሶት ያየሁ መሰለኝ።

ዘይቱ የመጣው በቀጣዩ እሑድ ነው።

ይህችን መኪና ለማያውቅ ሰው ልንገር። የዘይት መለኪያ ዘንጓ የራሷ አይደለም። እናታችን በሞተችበት ዓመት ዘንጉ ጠፋ ተባለና አባቴ ከሌላ መኪና ዘንግ አምጥቶ ሰካባት። የዚያኛው ዘንግ መስመሮች ለእኛ ሞተር አይሠሩም። ስለዚህ አባቴ ከሁለቱ መስመሮች ዝቅ ብሎ፣ ጫፉ አካባቢ፣ በሞረድ ትንሽ ቆረጥ አደረገበት፤ የእኛ ዘይት ልክ እዚያ ላይ ነው። ላዩ ላይ ያሉት መስመሮች ውሸት ናቸው። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። "ለማንም አትንገሪ፣ ምስጢራችን ነው" ብሎኛል፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የእህቴ ባል ዘንጉን መዝዞ ጠረገው፤ መልሶ ሰካ፣ መዘዘ። ፊቱ ተለወጠ።

"እትዬ፣ ዘይቱ እኮ አልቋል! ከታችኛው መስመርም በታች ነው።"

አባቴ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስፖንጁን እንደያዝኩ ዘንጉን አየሁት። ዘይቱ ልክ ነበር፤ ቆረጣው ላይ እርግት ብሎ ይታየኛል።

"ልጨምርበት? ምን ይመስልሻል?" አለኝ።

ጠየቀኝ እኮ። አክብሮ ጠየቀኝ።

"አንተ ታውቃለህ" አልኩት።

አንድ ሊትር ተኩል ጨመረ። በማጥለያ፣ ጠብታ ሳያንጠባጥብ፣ መጽሐፉ እንደሚለው እየለካ። እኔ በሩን ማጠብ ቀጠልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? ለማንም አትንገሪ ተብዬስ የለ? ዋሽቼ እንደሆነ ፍረዱኝ። ሆዴ ውስጥ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስታ ነበር። አንዴ ያጭሳት፣ አባቴ "ምን አድርገህ ነው?" ይበለው፣ ከዚያ እኔን ይጥራኝ ብዬ ነው። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ሁለት ጊዜ ለእህቴ ባል ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ እህል ከተትኩበት። ማክሰኞ ደግሞ የአባቴ ዓይን ቀዶ ሕክምና ቀን ነው። ቀጠሮውን አራት ወር ጠብቀናል። ጠዋት ላይ "በአውቶቡስ ብንሄድስ?" አልኩ። "መኪና በደጃችን ቆማ?" አለ አባቴ፣ እየሳቀ ከፊት ገባ። የእህቴ ባል መሪውን ያዘ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ረጅሙን ዳገት አጋምሰን ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ዞር ብል የኋላው መስታወት ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ለቀቁት።

"ቁም! አጥፋት!" አለ አባቴ። ከማንም በፊት በአፍንጫው አውቆታል።

ታክሲ እስክናገኝ፣ መንገዱ እስኪለቀን፣ የዓይን ሐኪሙ የቀኑን ሕመምተኞች ጨርሶ ወጥቷል። ተረኛዋ መዝገቧን ገልጣ ሌላ ቀን ሰጠችን። ስድስት ሳምንት። "ስድስት ሳምንት ምን አላት፣ ይህን ያህል ጊዜ ቆይቼ የለ" አለ አባቴ፤ ሲወጣ ግን የበሩን ደረጃ ስቶ ተደናቀፈ። ክንዱን ያዝኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አስጎትተን ግቢ አስገባናት። አባቴ ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታዋ አፍ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ አሸተተና "ዘይት በዝቶባት ነው" አለ። "ማነው የጨመረ?"

"እኔ ነኝ አባባ።" የእህቴ ባል ከንፈሩ ደርቋል። "ሙሉ ከሚለው ግን አላለፍኩም።"

"የሞረዱን ቆረጣ አለቃ አልነገረችህም?"

የእህቴ ባል ወደ እኔ ዞረ። ገባው። "አንተ ታውቃለህ" ያልኩትን ሲያስታውስ ዓይኑ ላይ አየሁት። ያን ጊዜ ሊያዋርደኝ ይችል ነበር፤ እኔ ብሆን አደርገው ነበር።

"ነግራኝ ነበር" አለ። "እኔ ነኝ የረሳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አባቴ ተቆጣ። እኔን ተቆጥቶኝ የማያውቀውን ያህል ተቆጣው። ዓይኔን አስቀረህብኝ፣ ዕቃ በእጁ የማይሰጡት ሰው ነህ፣ ከእንግዲህ ከአለቃ በቀር ያቺን ኮፈን ማንም እንዳይነካ አለ። ይኸው፣ የፈለግሁት ሁሉ ተሰጠኝ። እሱም አንገቱን ደፍቶ "እሺ አባባ" አለ። እዚያ ቆሞ ስለ እኔ ሲሰደብ ሳየው፣ ከቀናሁበት ነገር ሁሉ ይበልጥ በዚህ ቀናሁበት። እኔ የሌለኝን ልብ ይዞ ነው ወደ ቤታችን የመጣው።

"አልነገርኩትም!" ብዬ ጮህኩ። "ይዋሻል! ጠይቆኝ ነበር፣ ቆሜ እያየሁት ነው የጨመረው!"

አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ለምን?"

"ለማንም አትንገሪ ብለኸኛል።"

"ለማንም ነው ያልኩሽ። ይሄ ወንድምሽ ነው።"

"አለቃ ብለህ ጠራኸው!"

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እንደ ሰባት ዓመት ልጅ እያለቀስኩ ነው ይህን ያልኩት። አባቴ የመኪናዋን ጎን በእጁ ዳበሰ። ከዚያ "ከሥር ግቢ" አለኝ። "ትርፉን አውርጂ።"

መኪናዋን በክሪክ አነሣናት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ብረት ደገፍንባት። በጀርባዬ ገብቼ ሳፋውን አስተካከልኩና የዘይት መውረጃውን ብሎን በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ላላ አደረግሁት። ዘይቱ በጣቶቼ መካከል አልፎ እስከ ክርኔ ወረደ። ከዚያ የሚታየኝ አራት እግር ብቻ ነው፤ የአባቴ አሮጌ ጫማና ከጎኑ የቆመው የእህቴ ባል ጫማ።

"አባባ፣ ትክክለኛውን ዘንግ ለምን አይገዙላትም?" አለ የእህቴ ባል፣ ቀስ ብሎ።

"አለ እኮ። ዕቃ ሳጥኔ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።"

"ጠፋ የተባለው?"

"ምን ይጠፋል!" አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከእሱ በርጩማ እስከ እኔ ጆሮ ግን ሁለት ክንድ አይሞላም። "እናታቸው ስትሞት ይቺ ልጅ አፏን ዘጋች። አራት ወር፣ አንድ ቃል የለም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ልጅ ማባበል ማን አስተማረኝ? ዘንጉን ደበቅሁና የሌላ አምጥቼ በሞረድ ቆረጥ አደረግሁበት። 'ዓይኔ ይቺን አይለያትም፣ አንቺ እይልኝ' አልኳት። ያኔ ዓይኔ በጨለማ ክር በመርፌ ያስገባ ነበር። ቀረብ ብላ አየችና 'ልክ ነው' አለችኝ። በአራት ወር የሰማሁት ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲያ ትክክለኛውን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

ሳፋው ሞልቶ ሊፈስ ሲል ነው ብሎኑን ያስታወስኩት፤ አጠበቅሁት፣ እጄ ሁለቴ አዳልጦኝ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ፣ በቃ ምን ልበል፣ ቀናሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ያልነገረኝን ለእሱ ነገረው።

ራሴን ጎትቼ ወጣሁና "ጨርቅ" አልኩ።

አባቴ ጉልበቱ ላይ የነበረውን ጨርቅ አነሥቶ ዘረጋልኝ፤ እኔ በሌለሁበት በኩል፣ ለባዶ አየር። የእህቴ ባል የአባቴን ክርን ያዘና እጁን በቀስታ ወደ እኔ አዞረለት። ጨርቁን ከአባቴ ተቀበልኩ። እጄን ጠረግሁ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ጠረግሁ። ሁለቱም ይጠብቁኛል።

"እሑድ እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍት" አልኩት የእህቴን ባል።

"እሺ እትዬ" አለ።

ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከአፌ አልወጣልኝም።